የጭቃው ውሃ ዝማሜ

«ወርቅ ማውጫ ነው የኖረው» ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጥርሴን ነው። የወርቅ ጥርስ የለኝም፤ እንዲያውም ጥርስ ራሱ እያለቀብኝ ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ ጎልማሳነቱን ማዕድን ማውጫ ውስጥ የጨረሰ ሰው ደብረ ታቦር ሲመለስ ቢያንስ አንድ ቀለበት ይጠበቅበታል። እኔ ይዤ የተመለስኩት የጉልበት ቁርጥማትና ስለ ጭቃ ያለኝን እውቀት ነው። ወርቁን የሚያዩት ሌሎች ነበሩ። የእኔ ሥራ ወርቁ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈውን ድፍርስ ውሃ ማጥራት ነበር፤ አንድ ትልቅ ክብ ገንዳ አጠገብ ቆሜ ጭቃው እስኪተኛ እጠብቃለሁ። ጭቃ ስለተኛ ደመወዝ የሚበላ ሰው ከእኔ በቀር ሰምታችሁ ከሆነ ንገሩኝ፤ እንዳልኮራ።

ጡረታ ስወጣ ይህ እውቀት ከእኔ ጋር የሚቀበር መስሎኝ ነበር። ለቅሶ ቤት አይወራ፣ ለልጅ አይመከር። የእህቴ ልጅ ከዓረብ አገር ተመልሳ አሸዋ ማጠብ ስትጀምር ነው ነፍስ የዘራው።

ስትመለስ እንደ እኩዮቿ የልብስ ሱቅ ትከፍታለች ብለን ነበር። እሷ ግን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ምን እንደሚያማርር ስታዳምጥ ከርማ ኖሯል። በእኛ በኩል የሚመጣው አሸዋ አፈር ይበዛበታል፤ ሲሚንቶው አይነክስለትም፣ ልስኑም ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ ከወንዙ ዳር ቦታ ተከራየች፤ ዘንበል ያለ ትልቅ ወንፊት አቆመች፣ ፓምፕ ተከለች፣ ከወንፊቱ ሥር ጉድጓድ አስቆፍራ ገንዳ አደረገችው፣ ከጎኑም ሌላ ትንሽ ገንዳ ጨመረች። እንደ እሷ ከሰው አገር የተመለሱ ሁለት ሴቶችም አብረዋት ይሠራሉ። አሸዋው ታጥቦ ሲወጣ እንደ ተነፋ ጤፍ ያምራል። ግንበኞቹ ገና በሩቁ አይተው ይወዱታል።

የሚወርደው ውሃ ግን ቀይ ነበር። ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ወንዙን ያቀላዋል፤ ከወንዙ በታች ደግሞ የመስኖ ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ከነጭ ሽንኩርቱ መሃል ደግሞ መሪጌታው አለ።

መሪጌታውና እኔ በልጅነታችን አንድ የቆሎ ትምህርት ቤት ነበርን። እሱ አቋቋም ዘልቆ መሪጌታ ሆነ። እኔ ዝማሜ ላይ ቀረሁ። ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው ከዜማው ጋር ቀስ ብለው ወዲህና ወዲያ ሲያዘነብሉ አይታችኋል፤ ነፋስ የነካው የስንዴ ማሳ ነው የሚመስሉት። የእኔ በሽታ ችኮላ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እኔ ቀኙን ጨርሼ ወደ ግራ እየተመለስኩ ነኝ። እንዲህ እንዳለሁ አንድ ቀን ከጎረቤቴ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ያ ጎረቤት እሱ ነው። ጠባሳውን እስከ ዛሬ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል።

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ቀን ነጠላውን አጣፍቶ መጣና ደጄ ላይ ቆመ።

«የእህትህ ልጅ ነጭ ሽንኩርቴን ቀይ ሽንኩርት አደረገችው» አለኝ።

«ቀይ ይወደዳል፤ ጠቀመችህ እንጂ ምን አደረገችህ?»

«ሳቅ። ቅጠሉ ላይ ጭቃ ደርቆበት የተለሰነ ግድግዳ መስሏል። ቦዩም በደለል እየተደፈነ ነው። ሰዉ የውሃ አባት አድርጎ የመረጠኝ ለጌጥ አይደለም።»

የውሃ አባት ማለት በእኛ አገር ወንዙን ለባለ ማሳዎች በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። እሱ «ይፍሰስ» ካለ ይፈሳል፤ «ይከልከል» ካለ ፓምፕም ይሁን ፖለቲካ ውሃውን አይነካውም።

«እስከ ዓርብ ነው» አለ መሪጌታው። «ዓርብ ከቅዳሴ በፊት መጥቼ አያለሁ። ውሃው እንዲህ ከሆነ ከወንዙ እንዳትቀዳ እከለክላለሁ። የማንንም ፊት አላይም።»

ለእህቴ ልጅ ስነግራት አልተቆጣችም። «እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ሽንኩርት ቢሆን ዓርብን አልጠብቅም ነበር» አለች። ቀጥላም እጇን በሽርጧ እየጠረገች «ካልሆነ እመለሳለሁ አጎቴ። ደላላው አሁንም ይደውላል» አለችኝ።

ይህን ያለችው ገበያ ደርሼ ልምጣ እንደሚል ሰው ነው። ያስደነገጠኝም ቅለቱ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ ከእኔ ጋር እራት የምትበላው፣ ቀልዴን ሰምታ የምትስቀው እሷ ናት። ዓረብ አገር ሳለች በስልክ እሞክር ነበር፤ ግን በስልክ ቀልድ አይሆንም። እኔ ጨርሼ ወደ ሌላ ወሬ ከገባሁ በኋላ ሳቋ ዘግይቶ ይመጣና፣ የሞተ ሰው ሳረዳት ትስቃለች።

«ጭቃውን ለእኔ ተዪው» አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከአሸዋ የሚወጣው ሻካራ አፈር ገንዳ ውስጥ እንደ ገባ በራሱ ጊዜ ይሰጥማል። አስቸጋሪው ደቃቁ ነው። ደቃቁ አፈር የተኳረፈ ቤተሰብ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ ማንም ማንንም አይጠጋም። ለየብቻው ሆኖ ክብደት ስለማያገኝ ውሃው ላይ እንደ ተንሳፈፈ ይከርማል። ማዕድን ማውጫው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነጭ ዱቄት ነበረን፤ «ፍሎክ» እንለዋለን። ሲበጠበጥ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ምስጢሩ በዓይን የማይታይ ረጅም ክር መሆኑ ነው፤ ክሩ አንዱን ደቃቅ በዚህ ጫፍ፣ ሌላውን በዚያ እየያዘ ያስተሳስራቸዋል፤ ሲተሳሰሩ ይከብዳሉ፤ ሲከብዱ ይሰጥማሉ። በአጭሩ ሽማግሌ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል። እንደ ሽማግሌም ሲበዛ ነገር ያበላሻል፤ ሁሉም የራሱን ሽማግሌ ይዞ ይቀመጥና ዕርቁ ይቀራል።

ዱቄቱን ያስመጣልኝ ገበያ ውስጥ ቧንቧና ፓምፕ የሚሸጥ ሙስሊም ወዳጄ ነው።

«ወላሂ አባቴ፣ ለጠላ ማጥሪያ ከሆነ አላስመጣልዎትም» አለኝ።

«ለጭቃ ነው።»

«ጭቃ ጠርቶ ምን ሊሆንልዎት?»

«የእህቴ ልጅ እንዳትሄድብኝ።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ዱቄቱ በማግስቱ ከባሕር ዳር ከሚመጣ ዕቃው ጋር ደረሰ።

ገንዳውን ከመንካቴ በፊት በትንሹ መሞከር ነበረብኝ፤ ለዚህ ደግሞ ጎኑ የሚታይ የመስታወት ዕቃ ያስፈልጋል። እኔ ቤት ያለው መስታወት ከሠርጌ የተረፈ ብርሌ ነው። ብርሌዎቹን ከገንዳው አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደርድሬ በቀዩ ውሃ ሞላኋቸው። ዱቄቱን አስቀድሜ በንጹሕ ውሃ በጠበጥኩት፤ አንዱ ላይ ጠብ አደረግሁ፣ ሌላው ላይ ትንሽ ጨመርኩ፣ የመጨረሻው ላይ እንደ ልቤ ለቀቅሁት። አፋቸውን በአውራ ጣቴ እየያዝኩ ዘቅዘቅ አድርጌ መለስኳቸው። በዚህ መሃል መሪጌታው ወደ ሽንኩርቱ ሲወርድ ደረሰብኝ።

«በሁዳዴ!» አለ፤ ቆሞ አማተበ። «በጠዋት! በድርድር!»

«ጭቃ ነው፣ ናና እየው።»

«ጠጪ ሁሉ ሲያዝ እንዲሁ ይላል» ብሎኝ ሄደ።

አይብ ሲቋጠር እንደምታዩት፣ መሃለኛው ብርሌ ውስጥ ጭቃው ተቋጠረ። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሳልጨርስ ታች ተኛ። እንደ ልቤ የለቀቅሁበት ብርሌ ግን እንደ ደፈረሰ ቀረ፤ ሽማግሌ በዝቶበታል። የእህቴ ልጅ የጠራውን ብርሌ ወደ ፀሐይ አንስታ ማዶ ያለውን ተራራ በውስጡ አየችና «አጎቴ፣ ዛፉ ሳይቀር ይታያል!» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ልቤ አበጠ። ያበጠ ልብ ደግሞ ደቦ ይጠራል።

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። መንሽ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ አጣና የያዘ። የበጠበጥኩትን ባልዲ ገንዳው ውስጥ ደፋሁና «አማስሉ!» አልኩ። ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንም፤ የሚያቀነቅን ሰው ሲጠፋ ደግሞ እኔ አለሁ። ድምፄ የተሰነጠቀ ቢሆንም ዘፈኑን እዚያው ፈጠርኩት፦

«ምታው በመንሽህ ጎኑን በለው፣
ወንዝ ያቀላውን ማን ይማረው!»

ሰዉም «በለው!» እያለ ተቀበለኝ። አንዱ ሌላውን ሊያስንቅ ይታገል ጀመር። ገንዳው እንደ ፈላ ድስት ተገላበጠ። መጀመሪያ ላይ ጭቃው እንደ ብርሌው መቋጠር ጀምሮ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወዲያው ግን ፈረሰ። እኔም አንድ ያረጀ የጭቃ ባለሙያ የማያደርገውን አደረግሁ፤ ዱቄት ጨመርኩ። «ጠንክሩ!» አልኩ። ጠነከሩ። ስናበቃ ገንዳው ውስጥ የነበረው ቀይ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ የሚዝለገለግ ቀይ ውሃ ሆኗል።

ማንም አልሳቀብኝም። ቢስቁብኝ ይሻል ነበር። ቀኑ ሲያጋድል ንፍሮው ቀርቦ ሁሉም ፊቱን ከገንዳው መልሶ በላ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሲሰናበቱኝ «እንግዲህ… ሲያድር ይጠራ ይሆናል» አሉ፤ ያልጠለለ ጠላ እንደ ቀረበለት እንግዳ።

የእህቴ ልጅ ብርሌዎቹን አጥባ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ። «ደክመውልኛል አጎቴ። አመሰግናለሁ» አለችኝ። ይህች አመሰግናለሁ ነች የወጋችኝ። ዘመድ ይጨቃጨቃል እንጂ መች ያመሰግናል? አመሰግናለሁ የሚባለው ለሚሰናበቱት ሰው ነው።

ሐሙስ ማለዳ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ ያ የወርቅ ማውጫው ክብ ገንዳ ታወሰኝ። በውስጡ የሚዞር ረጅም የብረት ክንድ ነበረ። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ አንድ ጊዜ አይቶት «ማሽኑ ቆሟል!» እያለ ወደ አለቃው ይሮጣል። አልቆመም፤ አካሄዱ እንዲያ ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን ሮጬ ተስቆብኛል። ክሩ ረጅም ነው፤ የረዘመ ክር ደግሞ ሲያጣድፉት ይበጠሳል፤ አንዴ ከተበጠሰ መልሶ አይቀጠልም። ያን ሁሉ ዘመን ማሽኑ ስለ እኔ ቀስ ይልልኝ ስለነበር፣ ቀስ ማለቱ ዋናው ሥራ መሆኑን ረስቼው ኖሬያለሁ። ደቦ ደግሞ ቀስ ማለት አይችልም። በደቦ ቀስ የሚል ሰው ይዘፈንበታል።

ሮጬ ሄድኩ፤ እንደ ልማዴ። የተበላሸውን ገንዳ እንዳለ ትተን ከጎኑ ያለውን ትንሹን ገንዳ በአዲስ ድፍርስ ውሃ ሞላን። ሁለት ረጃጅም አጣና ጫፍ ላይ ሳንቃ መትተን መቅዘፊያ አበጀን። በብርሌ ያረጋገጥኩትን ያህል፣ ለገንዳው ልክ፣ በጥብጬ አዘጋጀሁ። ዱቄት ከመጨመሬ በፊት በባዶው ቀስ ብሎ ማማሰልን ልለማመድ ብዬ ጀመርኩ። ትንሽ እንደ ቆየሁ የእህቴ ልጅ ከማዶ ሆና «አጎቴ፣ እየሮጡ ነው» አለችኝ።

«አልሮጥኩም!»

«በአፍንጫዎ ይዘፍናሉ፤ የትናንቱን።»

እውነቷን ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ደቦ ይገባል። እሷም ብትሆን እኔን እያየች ትፈጥናለች። በዚህ ዓይነት ነገ ዓርብ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሻንጣ ዝግጅት ነው። በዓለም ላይ ቀስ ማለትን የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብዬ ሳስብ ግንባሬን አመመኝ። ያኔ የተጋጨንበት ቦታ ላይ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ መሪጌታው መቋሚያውን ይዞ ከተፍ አለ። ገንዳውን አየና «ይኸው ዓርብ፤ ይኸው ቀይ ውሃ» አለ።

«አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ ከዚያ ትከለክላለህ።»

«ምን?»

«ዘምም።»

«ለጭቃ?»

«ለእኔ። ፍጥነቴን ያዝልኝ፤ ብቻዬን አልቻልኩም።»

«ያኔ ግንባሬን የገመስከው አንሶህ ነው?»

«አሁን መሃላችን ገንዳ አለ፤ አልደርስብህም።»

የእህቴ ልጅ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። መሪጌታው ግን ፊቱን አጠቆረ። «ቃለ እግዚአብሔር ጭቃ ላይ አላፈስም» አለ።

የእህቴ ልጅ ነች መቅዘፊያዋን ይዛ ቀረብ ያለችው። «የኔታ፣ ዜማውን በልብዎ ይያዙት። እኛ መቋሚያውን ብቻ እንይ።»

መሪጌታው ወደ ሽንኩርቱ ተመለከተ፣ ወደ እሷ ተመለከተ። ከዚያ ነጠላውን አስተካክሎ ከገንዳው አፍ ላይ ቆመ። የሁዳዴ ዝማሜ ከበሮ የለው፣ ጸናጽል የለው፤ መቋሚያና ሰው ብቻ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። መቋሚያው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ፤ እንደገና ሲመለስ አንድ ጊዜ መሃል ላይ ያርፍና ነው ወደ ግራ የሚሄደው። ያቺን ማረፊያ ያኔ በልጅነቴ አላየኋትም ነበር። የምጋጨው እሷን ዘልዬ ነው ለካ።

የበጠበጥኩትን ገንዳው ላይ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩና መቅዘፊያዬን ያዝኩ። እሷ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል። መቋሚያው ሲያዘነብል እንገፋለን፤ ሲያርፍ እናርፋለን። ትከሻዬ ሊፈጥን ያሳክከኛል። አንድ ጊዜ ቀድሜ ብሄድ መሪጌታው ዓይኑን ሳይገልጥ «እህም!» አለ፤ እንዴት እንዳወቀ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። መሃል ላይ የእህቴ ልጅ ስልክ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ጎንበስ ብላ ማን እንደሆነ አየች፤ ደላላው ነው። ሁለቱም እጆቿ መቅዘፊያው ላይ ነበሩ። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ጭቃው ይቋጠር ጀመር። መጀመሪያ እንደ አሸዋ፣ ቀጥሎ እንደ ንፍሮ ፍሬ። በፍሬዎቹ መሃል ውሃው ጥቁር ሆኖ ታየ፤ ጠርቶ ማለት ነው። እኔ ደስ ሲለኝ አንድ ጊዜ ጠንከር ልበል ብዬ ሳነሳ፣ እሷ በራሷ መቅዘፊያ የኔን ተጭና ያዘችብኝ። «ይብቃዎት» አለች። ቆምን።

«ጨርሰናል መሪጌታ» አልኩ።

«ዜማው አልጨረሰም» አለና ቀጠለ።

እኛም ቆመን ጠበቅነው። እሱ እየዘመመ፣ ጭቃው እየወረደ። ዜማውን በልቡ ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ሌላ መሪጌታ ከነመቋሚያው ገንዳው ውስጥ ተዘቅዝቆ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ ራሱን አየ። ጥምጥሙንም አስተካከለ። ከዚያ እጁን ነክሮ አሸተተ።

«ይህ ዱቄት ሽንኩርቴን አይመርዝብኝም?»

«ዱቄቱ ከጭቃው ጋር ተያይዞ ነው የሚሰጥመው» አልኩት። «ቢሆንም ይህ ውሃ ወደ አንተ አይወርድም። የጠራውን መልሳ አሸዋ ታጥብበታለች፤ ከወንዙ የምትቀዳውም የጎደለውን ብቻ ነው። የረቡዕ ጉዴም እንዳይፈስብህ እዚያው ትልቁ ገንዳ ውስጥ ይደርቃል።»

«እንግዲያ ይህን ከመጀመሪያው ለምን አላደረጋችሁም?»

«ስሮጥ ነበር።»

መቋሚያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊሄድ ተነሣ። «የውሃ አባት አልከለከለም በዪ» አለ ለእሷ። «ግን ይህ ሰውዬ ብቻውን እንዳያማስል። አደራ።»

ከሄደ በኋላ ስልኩን አስታወስኳት። «ለደላላው መልሰሽ አትደውዪለትም?»

«ምን ልለው? እጄ ጭቃ ነው ልበለው?» አለችና ፓምፑን ልታስነሣ ሄደች። ያን ሳምንት ሌላም ጊዜ ደውሎ ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ተወ።

አሁን አሸዋ በሚታጠብበት ቀን ሁሉ አንዱን መቅዘፊያ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰፈሩ «ባለ ዝማሜው» ይለኛል፤ ከቆሎ ትምህርት ቤት ያላገኘሁትን ማዕረግ ከጭቃ አገኘሁ። መሪጌታው ከታች ሽንኩርቱ መሃል ሆኖ ቀና ይልና፣ ፈጥኜ ካየኝ መቋሚያውን ከፍ ያደርግብኛል። እኔም ያቺን ማረፊያ አስታውሼ እቆማለሁ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ማታ የእህቴ ልጅ እራት ይዛ ትመጣለች። ቀልድ እጀምራለሁ፤ እሷም ሳልጨርሰው ትስቃለች።